ገበያተኛ አምቦ ይላታል

ከአዲስ አበባ በምዕራብ በር ወጥቶ ሆለታንና አዲስ ዓለምን ያለፈ መንገደኛ፣ ጊንጪን ሲለቅ ሳያውቀው አንድ ድንበር ይሻገራል። ድንበሩን የሚያበጀው ውኃ ነው። ጊንጪ አካባቢ የወረደ ዝናብ አዋሽን ተከትሎ ወደ ምሥራቅ ይዞራል፤ ስምጥ ሸለቆውን አቋርጦ፣ ባሕር ሳያይ አፋር ምድር ላይ ይቀራል። ትንሽ አለፍ ብሎ የወረደው ግን ሁሉቃን ይዞ ጉደር ይገባል፤ ጉደር ከዓባይ ይቀላቀላል፤ ከዚያ ወዲያ መንገዱ እስከ ግብፅ ነው። አምቦ ያለችው ከዚህ ድንበር በስተ ምዕራብ፣ ሁሉቃ ወንዝ ዳር፣ ከአዲስ አበባ 114 ኪሎ ሜትር ርቃ፣ ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ከደቡብ በኩል ወንጪና ደንዲ ቁልቁል ያዩአታል። ሁለቱም በእሳተ ገሞራ የተፈጠሩ፣ አናታቸው ላይ ሐይቅ የያዙ ተራሮች ናቸው፤ የወንጪ ጫፍ ከ3,300 ሜትር ያልፋል። ወደ ምዕራብ 12 ኪሎ ሜትር ያህል ወረድ ሲሉ ደግሞ የጉደር ሸለቆ ሙቀት ይቀበላል።

የከተማዋ ታሪክ ከዚህ አቀማመጥ ይጀምራል። ገብስና እንሰት የሚያበቅለው ደጋ፣ ጤፍና ኑግ የሚያበቅለው ወይና ደጋ፣ ከዚያም ሞቃቱ ሸለቆ፣ ሁሉም አህያ ጭኖ ውሎ ገብ በሚባል ርቀት ውስጥ ናቸው። የወንጪ ሰው ጤፍ ያምረዋል፤ የሜዳው ሰው ቆጮ ይፈልጋል። አንዱ የጎደለውን ሌላው ካተረፈበት ቦታ ላይ ገበያ መቆሙ አይቀርም።

ሌላው ምክንያት ከምድር ሆድ የሚወጣ ነው። ከይረር ተራራ ተነሥቶ በምዕራብ እስከ ወለጋው ቱሉ ወለል የሚዘልቅ የእሳተ ገሞራ መሥመር አለ፤ አምቦ እዚህ መሥመር ላይ ናት። እሳቱ ከጠፋ ብዙ ዘመን ቢሆነውም ትንፋሹ አልቆመም። ከጥልቅ የሚወጣው ጋዝ ከርሠ ምድሩን ውኃ እያፈላ፣ ማዕድን እያቀመሰ ወደ ላይ ያወጣዋል። አንዳንዱ ምንጭ ሞቃት ነው፤ አንዳንዱ ቀዝቃዛ ሆኖ ይፍለቀለቃል። የኦሮሞ አርቢዎች እንዲህ ያለውን ውኃ ሆራ ይሉታል። ሆራ የጠጣ ከብት ይወፍራል፣ ወተቱ ይበዛል፣ ቆዳው ያበራል ተብሎ ስለሚታመን መንጋውን ወደ ሆራ መንዳት የዓመቱ ሥራ አንድ ክፍል ነበር። ስለዚህ ሐኪምና ሹም አምቦ ላይ መታጠብ ከመጀመራቸው በፊት ላምና በሬ ያንን ውኃ ሲጠጡ ኖረዋል። ከብት የተሰበሰበበት ቦታ ላይ ደግሞ ሰው ይሰበሰባል፤ ወሬ ይለዋወጣል፣ ጥጃ ይሸጣል ይገዛል፣ ጋብቻ ይጠያየቃል።

አገሩ የሜጫ ኦሮሞ አገር ነው። ሕግ የሚወጣበት ትልቁ የሜጫ ጉባኤ፣ ኦዳ ቢሲል፣ ከአምቦ በስተ ምዕራብ በጌዶ በኩል ይገኛል። በ19ኛው መቶ ዘመን የምዕራቡ ትልቁ የንግድ መሥመር በአምቦ አያልፍም ነበር። ከጊቤ መንግሥታት፣ ከሊሙ እናርያ የተነሣው ቡናና የዝሆን ጥርስ ጉዱሩን አቋርጦ፣ አሰንዳቦ ገበያ ላይ አርፎ፣ ዓባይን ተሻግሮ ጎጃም ባሶ ይገባ ነበር። ጭነቱን የሚነዱት የጀበርቲ ነጋዴዎችና አፍቃላ የሚባሉት የኦሮሞ ነጋዴዎች ነበሩ። በየገበያው ትልቁ ግብይት በማርያ ቴሬዛ ብር፣ ትንሹ በአሞሌ ጨው ይካሄድ ነበር። አሞሌው ከአፋር በረሃ ተነሥቶ በቅሎና አህያ እየተቀባበሉት እዚህ ድረስ ሲመጣ፣ በየኬላው እየተቀረጠ፣ ጥጉ እየተሸራረፈ፣ ከመነሻው ብዙ እጥፍ ተወድዶ ነበር። የገበያ ሰው አሞሌውን ተቀብሎ መጀመሪያ የሚያየው ጥጉን ነበር። ሙሉ ነው? ተሰብሯል? ዋጋው በዚያ ይወሰን ነበር።

ይህን ሁሉ የቀየረው በ1874 ዓ.ም. የተደረገው የእምባቦ ጦርነት ነው። ራስ ጎበና ዳጬ ከዚያ ቀደም ብለው ሜጫን ለሸዋው ንጉሥ ለምኒልክ አስገብረው ነበር። እምባቦ ላይ የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ተሸንፈው ሲማረኩ የምዕራቡ ንግድ ጌታ ተለወጠ። ከዚያ በኋላ የወለጋ ወርቅና ቡና ወደ ሰሜን መሻገሩን እየተወ ወደ ምሥራቅ፣ ወደ ሸዋ ይጎርፍ ጀመር። በ1879 ዓ.ም. አዲስ አበባ ስትቆረቆርም መድረሻው ተቆረጠ። ከነቀምት የተነሣ ጭነት በጌዶ፣ በጉደር፣ በአምቦ አድርጎ ዋና ከተማ ይገባል። እኔ የአምቦን ዕድል የወሰነ አንድ ነገር ምረጥ ብባል ከምንጩ ይልቅ ይህን የአቅጣጫ ለውጥ እመርጣለሁ። ፍል ውኃ በኢትዮጵያ በየሸለቆው አለ፤ ነቀምትንና አዲስ አበባን በሚያገናኝ መንገድ ወገብ ላይ የተቀመጠ ፍል ውኃ ግን አንድ ነው።

ለውጡ ለሁሉም እኩል አልመጣም። መሬቱ ለመኳንንትና ለወታደር ሲከፋፈል የአገሬው ገበሬ ገባር ሆነ። እህሉን ለባለ ርስቱ ከሰፈረ በኋላ የተረፈውን ይዞ ገበያ ይወጣል፤ ኬላ ላይ ይቀረጣል፤ የቀረውን ሸጦ ጨውና አቡጀዴ ገዝቶ ይመለሳል። የከተማው ገበያ ሲደምቅ የገጠሩ ጎተራ መጉደሉ ከዚያን ጊዜ ጀምሮ አብሮ የመጣ ነው።

ዐፄ ምኒልክ ራሳቸው ወደዚህ አቅጣጫ ፊታቸውን አዙረው ያውቃሉ። አዲስ አበባ ማገዶ ሲያጥራት፣ በ1890ዎቹ መጀመሪያ፣ ኤጀሬ ላይ አዲስ ዓለም የተባለ ዋና ከተማ ማሠራት ጀመሩ። ከዚያም ባሕር ዛፍ በቀለና አዲስ አበባን አዳናት፤ አዲስ ዓለም ላይ የተጀመረው ቤተ መንግሥትም ቤተ ክርስቲያን ሆነ። ለከተማው ሲባል የተሠራው መንገድ ግን ቀረ። በአገሪቱ ከመጀመሪያዎቹ ዘመናዊ መንገዶች አንዱ የሆነው ይህ መንገድ ወደ አምቦ ከሚወስደው ጉዞ ግማሽ ያህሉን አቀለለው።

ከዚያ በኋላ ውኃው ራሱ መንገድ ወጣ። በ1922 ዓ.ም. ገደማ የአምቦን ማዕድን ውኃ በጠርሙስ እየሞሉ መሸጥ ተጀመረ። የሚቀዳውም ከከተማዋ ወጣ ብላ ካለችው ሰንቀሌ ነው። ነገሩን ለማድነቅ ሆራ የሚለውን ቃል ማስታወስ ይበቃል፦ ላም በነፃ ትጠጣው የነበረ ውኃ ቆርኪ ተደፍኖበት አዲስ አበባ በሳንቲም ይሸጥ ጀመር። ዛሬም ቆርኪው ሲከፈት ፊሽ ይላል፤ ፍሬ ፍሬ የሚያክለው አረፋ ከታች ተነሥቶ እየተገፋፋ ወደ ላይ ይወጣል፤ ከአፍ ጠጋ ሲያደርጉት አፍንጫ ይቆነጥጣል። ዶሮ ወጥ ወይም ክትፎ የበላ ሰው «አንድ አምቦ» ሲል ከተማ እየጠራ መሆኑን አያስብም። ስሟ የዕቃ ስም የሆነ ከተማ ናት። ጎረቤቷ ጉደርም እንዲሁ ለቀይ ወይን ስሟን ሰጥታለች፤ ጉደርን በአምቦ በርዞ የሚጠጣ ሰው ሁለት የምዕራብ ሸዋ ከተሞችን በአንድ ብርጭቆ ይቀላቅላል።

ጠርሙሱ ብዙም ሳይለመድ ጦርነት መጣ። ከጣሊያን ወረራ አንድ ዓመት ያህል ቀደም ብሎ ሆለታ ላይ በስዊድን መኮንኖች የሚመራ የጦር ትምህርት ቤት ተከፍቶ ነበር። ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. ጣሊያን አዲስ አበባ ሲገባ፣ ካልተበተኑት የሆለታ ተማሪዎች ገሚሶቹ በዚሁ መንገድ ወደ ምዕራብ አፈገፈጉ። ነቀምት ላይ ጥቁር አንበሳ የተባለውን ማኅበር ካቋቋሙት ውስጥ እነሱ ነበሩበት። ሰኔ 20 ቀን ቦነያ ላይ ያረፉትን የጣሊያን አውሮፕላኖች ያቃጠሉትም እነዚሁ ወጣቶች ናቸው። በዚያው ክረምት፣ ነሐሴ 11 ቀን 1928 ዓ.ም.፣ ከአምቦ በማይርቅ ቦዳ በሚባል ቀበሌ አንድ ሕፃን ተወለደ፤ ጸጋዬ ገብረ መድኅን ተባለ። ጣሊያን በአምስቱ ዓመት ለሠራዊቱ ሲል የምዕራቡን መንገድ አሠራ፤ የመኪና መንገዱ ከእሱ ጋር አልሄደም፣ ለጭነት መኪና ቀረ። በቅሎና አህያ ከረጅሙ መንገድ ቀስ በቀስ ወጥተው ከመንደር እስከ ገበያ ባለው አጭሩ ላይ ብቻ ቀሩ።

በዐፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን የከተሞች ስም ይለወጥ ነበር። አዳማ ናዝሬት፣ ቢሾፍቱ ደብረ ዘይት፣ ወሊሶ ግዮን፣ ሆለታ ገነት ተባሉ፤ አምቦም ሀገረ ሕይወት። ስሙ ያማረ ነው። ፍል ውኃው የሚፈውስ ነውና ለመታጠብ ለሚመጣው እንግዳ ትክክል ነበር፤ የመዋኛው ገንዳ ትኩስ ውኃ ውስጥ እስከ ትከሻው ድረስ ገብቶ የሚያርፍ ሰው ሕይወት መጣልኝ ቢል አያስወቅሰውም። ግን ስሙን ያወጣው የሚታጠበው ወገን ነው። የሚሸጠውና የሚገዛው ወገን፣ አህያ እየነዳ ከወንጪ የሚወርደውና ከጄልዱ የሚመጣው፣ አምቦ ማለቱን አልተወም። በማኅተሙና በደብዳቤው ላይ ሀገረ ሕይወት፣ በገበያው ላይ አምቦ፤ ሁለቱ ስሞች ጎን ለጎን ኖሩ። ኋላ ላይ ከወረቀቱም የተመለሰው ገበያተኛው የጠበቀው ስም ነው። የቦታ ስም የሚኖረው በየቀኑ በሚጠራው ሰው አፍ መሆኑን ከዚህ በላይ የሚያሳየኝ ምሳሌ አላየሁም።

እስኪ ያንን ገበያ ጠጋ ብለን እንየው። ጎህ ሳይቀድ የአህያ ኮቴ ሜዳውን ይሞላዋል። እህል ተራ አለ፣ ቅቤ ተራ አለ፣ ከብት ተራ ከሁሉም ወደ ዳር ነው። ቅቤ በእንሰት ቅጠል ተጠቅልሎ ይመጣል፤ ገዥዋ ቅጠሉን ገለጥ አድርጋ በጣቷ ጫፍ ትነካና አፍንጫዋ ጋ ታደርሳለች፤ የበሰለ ነው ለጋ፣ በዚያ ታውቃለች። እህል ተራ ላይ ንጉሡ ቁና ነው። «ሜቃ?» ይላል ገዥው፤ ስንት? ዋጋው ሲነገረው ፊቱን አዙሮ ይሄዳል፤ ሦስት እርምጃ ሳይርቅ ይጠሩታል። ከተስማሙ በኋላ ሁለተኛው ክርክር ይጀምራል፣ የአሰፋፈሩ። ሻጯ ጤፉን ከአቁማዳው ዘርግፋ ቁናው ላይ በመዳፏ ትመልሳለች፤ ገዥው ጫፉ እስኪሾል ድረስ ይቁለል ይላል። ጫፉ ሾሎ ፍሬው በየጎኑ ሲንከባለል ሁለቱም ዝም ብለው ያዩታል፤ ያ የሚንከባለለው እፍኝ የማን ነው? ምንጣፉ ላይ የወደቀው የሻጯ ነው፤ ቁናው ላይ የቀረው የገዥው። ኩንታልና ሚዛን ከመጡም በኋላ በችርቻሮው በኩል ይህ ክርክር አልጠፋም።

በዚያው በዐፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ትምህርት ሌላ ዓይነት ገበያተኛ ወደ አምቦ ያመጣ ጀመር። በ1939 ዓ.ም. የተከፈተው የእርሻ ትምህርት ቤት ከአገሪቱ ቀደምት የግብርና ትምህርት ቤቶች አንዱ ነው፤ የዛሬው አምቦ ዩኒቨርሲቲ ሥሩ እሱ ነው። የቦዳው ልጅ ጸጋዬም አምቦ ተማሪ ሳለ፣ ገና በ13 ዓመቱ፣ ስለ ንጉሥ ዲዮኒስዮስ የጻፈው ተውኔት ንጉሠ ነገሥቱ ባሉበት ታየ። ሐምሌትንና ኦቴሎን ወደ አማርኛ የመለሰው፣ «እሳት ወይ አበባ» የተባለውን የግጥም መድበል ያሳተመው ባለቅኔ ኦሮምኛና አማርኛ ጎን ለጎን በሚነገሩበት በዚህ አገር ማደጉ ለእኔ ትልቅ ነገር ነው። የገበያ ከተማ ልጅ አንድን ነገር በሁለት ቋንቋ መጥራት ከእናቱ ጓዳ ጀምሮ ይለምደዋል።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሆኖ ሲታወጅ ገባርነት ቀረ። ለምዕራብ ሸዋ ገበሬ ይህ የዘመናት ዕዳ መውረድ ነበር፤ እህሉን ለባለ ርስት መስፈር ቀረ። የውኃ ፋብሪካውም ተወረሰ። ሆኖም ጥቂት ዓመት ሳይቆይ ሌላ ሰፋሪ መጣ። የእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት ኮታ መደበ፤ ገበሬው በማኅበሩ በኩል የተወሰነበትን ያህል ኩንታል በመንግሥት ዋጋ ያስረክባል። ዋጋው ከገበያው በጣም ዝቅ ያለ ነበር። ምርት የጎደለበት ገበሬ ከገበያ በውድ ገዝቶ በርካሽ ያስረከበበት ጊዜ ነበር። በምኒልክ ጊዜ አሞሌ ይቀረጥበት የነበረው ኬላ ስሙን ሳይለውጥ ተመለሰ፤ ገመድ መንገዱ ላይ ተዘረጋ፣ ያለ ፈቃድ የሚያልፍ እህል ተያዘ። ከሥራ ሁሉ የሚከብደው ያን ጊዜ ከአምቦ ወደ አዲስ አበባ ጤፍ ማሳለፍ ነበር። ሰው በአውቶብስ ሲሳፈር እግሩ ሥር ያለው ፌስታልና ከረጢት ይዳሰስ ነበር። ለዘመዱ ጥቂት ኪሎ ዱቄት የያዘ ተሳፋሪ ልቡ እየመታ ኬላውን ያልፋል። አዲስ አበባ ጤፍ በቀበሌ ኅብረት ሱቅ ወረፋ ሲጠበቅለት፣ አምቦ ላይ ደግሞ አምራቹ ልፋቱን በሌላ ሰው ዋጋ እየሸጠ፣ በመካከላቸው ያለው 114 ኪሎ ሜትር እንደ ባሕር ሰፍቶ ነበር። ከባለ ርስቱና ከኮታው ዘመን የትኛው ይከፋል ብዬ ለማመዛዘን አልፈልግም፤ በሁለቱም ቁናውን የያዘው እጅ የገበሬው አልነበረም።

በየካቲት 1982 ዓ.ም. ቅይጥ ኢኮኖሚ ሲታወጅ ኮታው ተነሣ፤ ገመዱም ወደቀ። ከዚያ በኋላ የአምቦ እህል ተራ ዳግመኛ ተነፈሰ፤ የጭነት መኪና ሌሊቱን እየጫነ መርካቶ እህል በረንዳ ሲነጋ ይደርሳል። የጄልዱ ድንች በጆንያ፣ የጉደር ሸለቆ ሽንኩርትና ቲማቲም በሣጥን ይከተለዋል። በ1987 ዓ.ም. ቆጠራ 27 ሺህ ገደማ የነበረው የከተማዋ ሕዝብ በ1999 ዓ.ም. 48,171 ሆነ። በ2001 ዓ.ም. ገደማ የውኃ ፋብሪካውን ሳብሚለር የተባለው የውጭ ኩባንያ ከመንግሥት ጋር በሽርክና ያዘው። ፋብሪካው እየሰፋ ሲሄድ ዩኒቨርሲቲውም ሰፋ፤ የፈረስ ጋሪው መንገዱን ለባጃጅ ለቀቀ።

የከተማዋ ልጆች ግን የሚጠይቁት ነገር ነበር። ዋና ከተማዋ ወደ ዙሪያዋ የኦሮሚያ መሬት ልትሰፋ የሚያስችላት ማስተር ፕላን ሲወራ፣ ሚያዝያ 22 ቀን 2006 ዓ.ም. የአምቦ ተማሪዎችና ነዋሪዎች አደባባይ ወጡ፤ የጸጥታ ኃይሎች ተኮሱባቸው። የሟቾቹ ቁጥር ዛሬም ያከራክራል፤ የሞቱት አብዛኞቹ ወጣቶች መሆናቸው ግን አያከራክርም። በዚያ ቀን የተዘጋ የሱቅ በር ስንት ሳምንት እንደተዘጋ ቆየ። ኅዳር 2 ቀን 2008 ዓ.ም. ደግሞ የተቃውሞው እሳት ጊንጪ ላይ ተነሣ፤ ምክንያቱም የትምህርት ቤት ሜዳና የጭሊሞ ደን ነበር። ጭሊሞ አዋሽ ከሚነሣበት አካባቢ ከቀሩት ጥቂት የሀገር በቀል ደኖች አንዱ ነው። ከጊንጪ የተነሣው በመላ ኦሮሚያ ሲዳረስ ፕላኑ በጥር 2008 ዓ.ም. ተሰረዘ። የዚያን ጊዜው አዲስ ጠቅላይ ሚኒስትር ሚያዝያ 3 ቀን 2010 ዓ.ም. አምቦ ድረስ የመጡት ሥልጣን በያዙ በቀናት ውስጥ ነው፤ የተቃውሞው መነሻ የት እንደሆነ ሁሉም ያውቅ ነበር።

የዚያ ትውልድ ድምፅ የአምቦው ልጅ ሃጫሉ ሁንዴሳ ነበር። ገና በ17 ዓመቱ ታስሮ፣ አምስት ዓመት እዚያው አምቦ እስር ቤት ቆይቶ፣ የመጀመሪያ አልበሙን ዘፈኖች እዚያ ሆኖ ሠራ። ሰኔ 22 ቀን 2012 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ተገደለ። አስከሬኑ የተመለሰው ቡናውና ወርቁ፣ ጤፉና ጠርሙሱ ሲወጣበት በኖረው መንገድ ሳይሆን በሄሊኮፕተር ነው። ሰኔ 25 አምቦ ቀበረችው።

ወንጪ ላይ ከዚያ ወዲህ አዲስ ሥራ ተነሥቷል። በ2021 በአውሮፓውያን አቆጣጠር የዓለም ቱሪዝም ድርጅት ከምርጥ የቱሪዝም መንደሮች አንዱ ብሎ መረጠው፤ ጎብኚ በአምቦ ወይም በወሊሶ በኩል ይወጣል፣ ሐይቁ መሐል ያለውን የቂርቆስ ገዳም በጀልባ ያያል። ጎብኚው በሚወጣበት ዳገት ገበያተኛዋ ትወርዳለች። ቀኑ ሲመሽ ቁናዋን ከባዶው አቁማዳ ጋር አጣጥፋ አህያዋ ላይ ታስራለች፤ ለልጆቿ የገዛችውን ስኳርና ሳሙና በነጠላዋ ጫፍ ትቋጥራለች። ሁሉቃ ጋ ስትደርስ አህያዋ ሳትጠየቅ ወደ ውኃው ታዘነብላለች። እሷም ገመዱን ለቀቅ ታደርግላታለች፤ ዳገቱ ገና ነው፣ ትጠጣ።